አሮጌው የቲዩብ አምፕሊፋየር፦ ይጠገን፣ ይሻሻል ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

ከፒያሳና ከአካባቢው ነባር ቤቶች ሰው ሲለቅ ቆጥ ላይ የተረሳ ዕቃ መውረዱ አይቀርም። ከሚወርደው መካከል አንዳንዴ የቲዩብ አምፕሊፋየር (ድምፅን በትራንዚስተር ሳይሆን በብርጭቆ ቲዩብ የሚያጎላ መሣሪያ) ይገኝበታል። ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን፣ ወይም የሚላኑ ጄሎሶ ሊሆን ይችላል። ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ በኪሎ ከመሸኘቱ በፊት አንድ ሰው "ቆይ እስኪ" ካለ ዕቃው ተረፈ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ምክር አይጠፋም። አንዱ "ካፓሲተሩን በሙሉ ቀይር" ይላል። ሌላው "አዲስ ቲዩብ ከውጭ አስመጣ" ይላል። አንዱ ደግሞ "ውስጡ ብሉቱዝ ግጠምበት" ብሎ ይገላገላል። እኔ የምለው ግን ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ይጠገን፣ ይደመጥ፣ ከዚያ ስለ ማሻሻል ይወራ። ጥገና ዕቃውን ከፋብሪካ ወደወጣበት ቀን ይመልሰዋል። ማሻሻል ደግሞ ያልነበረውን ያደርገዋል። የታመመ አምፕሊፋየር ላይ ሆኖ "ድምፁ አይጥመኝም፣ ይሻሻል" ማለት ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ እንደመቀባት ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ሶኬት ላይ አትሰኩት

መጀመሪያ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። ሰክቶ "ይሠራል እንዴ?" ማለት። ለዓመታት ያልበራ አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ፣ የድሮ ባለሙያዎች ኮንደንሰር የሚሏቸው) ደርቀው ሊሆን ይችላል። የደረቀ ካፓሲተር በድንገት ሙሉ ቮልት ሲያገኝ ሾርት ሊሆን ይችላል። ሾርት ሲሆን ደግሞ ሬክቲፋየሩን (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ ዲሲ የሚቀይረውን)፣ አንዳንዴም የፓወር ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። ካፓሲተር ይገኛል። ትራንስፎርመር ግን ከተቃጠለ ሽቦውን እንደገና የሚጠቀልል ሰው ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ገመዱን ጠቅልሉና አስቀምጡት። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ። ቲዩብ ላይ የተጻፈውን ጽሑፍ በጣት አትሹት፤ በቀላሉ ይለቃል፣ ከለቀቀ ደግሞ የቲዩቡን ማንነት ማወቅ ጣጣ ነው።

2. የያዛችሁትን ዕቃ እወቁ

የጀርባውን ክዳን ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሦስት ነገር ፈልጉ። የሞዴል ቁጥሩን፣ የቮልት መምረጫውን እና የቲዩቦቹን ስም።

የቲዩቦቹ ስም ብዙ ነገር ይናገራል። የአውሮፓ ቲዩቦች ስማቸው በኮድ ነው። "ኢኤል84" የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው "ኢ" ማሞቂያው በ6.3 ቮልት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። "ኤል" የድምፅ ጉልበት የሚሰጠው ፔንቶድ (ባለ አምስት ክፍል ቲዩብ) ነው ማለት ነው። 8 ደግሞ ባለ ዘጠኝ እግሩን ትንሽ ሶኬት ያመለክታል። "ኢሲሲ83" ላይ "ሲ" ሁለቴ መጣ፤ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ (ባለ ሦስት ክፍል ቲዩብ) አለ። "ኢዜድ81" ሬክቲፋየር ነው። ሁለት ኢኤል84፣ አንድ ወይ ሁለት ኢሲሲ83 እና አንድ ኢዜድ81 ካያችሁ የያዛችሁት ከ10 እስከ 15 ዋት የሚሰጥ ደህና አምፕሊፋየር ነው።

አንድ ፊደል ግን ቆም ሊያደርጋችሁ ይገባል። የቲዩቦቹ ስም በ"ዩ" ከጀመረ፣ ለምሳሌ "ዩኤል84" ወይም "ዩሲኤል82" ከሆነ፣ ማሞቂያዎቹ በተከታታይ ተያይዘዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚለየው ትራንስፎርመር የለውም። ሶኬቱ በየትኛው በኩል እንደተሰካ ተከትሎ የአምፕሊፋየሩ ብረት ራሱ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለበትን መስመር) ሊሸከም ይችላል። ስልክም ሆነ ሲዲ ማጫወቻ በገመድ አታገናኙበት። እኔን ከጠየቃችሁኝ በ"ዩ" የሚጀምር ዕቃ ለማሻሻል የሚታሰብ አይደለም። ወይ ልምድ ላለው ሰው ስጡት፣ ወይ መደርደሪያ ላይ ያምራል።

የሞዴል ቁጥሩ ከተገኘ የሰርኪዩት ዲያግራሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። የታወቁት ፋብሪካዎች ዲያግራም አብዛኛው ተጭኗል። አትሙትና ያዙት። በየነጥቡ ሊኖር የሚገባው ቮልት እዚያው ተጽፎ ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ ቀለለ።

3. ከመክፈታችሁ በፊት

ይሄን ክፍል ዘላችሁ አትሂዱ። በቲዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ ከ250 እስከ 450 ቮልት የሚደርስ ዲሲ አለ። ይገድላል። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ቻርጁን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በእኛ ከተማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ መብራት ይጠፋል፤ ሰው "እንግዲህ ጠፍቷል" ብሎ እጁን ይሰዳል። መብራት ጠፋ ማለት ካፓሲተሩ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። መብራቱም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሶኬቱ ተነቅሎ ዓይናችሁ ሥር መቀመጥ አለበት።

ካፓሲተር ባዶ የሚደረገው በ10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ነው። ሁለቱን ጫፎች በደንብ በተሸፈነ ሽቦ ቀጥሉ። አንዱን ብረቱ ላይ፣ ሌላውን የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል ያዙ። ከዚያ በቴስተር ለክታችሁ ከጥቂት ቮልት በታች መውረዱን እዩ። በጠመንጃ መፍቻ ሾርት አታድርጉት፤ ፍንጣሪው ካፓሲተሩንም ዓይናችሁንም ይጎዳል። በርቶ ስትለኩ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ጫማ አድርጉ። ብቻችሁን ቤት ውስጥ አትሥሩ። ይሄ ሁሉ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ፍርሃታችሁ ልክ ነው። ቀጣዮቹን ደረጃዎች ለባለሙያ ስጡና እናንተ የምትጠይቁትን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።

4. የግድግዳውን ቮልት ለኩ

የእኛ ኤሌክትሪክ በስሙ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በተግባር ግን ይወጣል ይወርዳል። ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ስለዚህ ጠዋት፣ ማታና እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ለኩና ጻፉት።

ለምን ይጠቅማል? የድሮ አምፕሊፋየር ጀርባው ላይ 110፣ 127፣ 160፣ 220 የሚል መምረጫ ይኖረዋል። መምረጫው 220 ላይ ሆኖ ግድግዳው 235 ከሰጠ፣ 6.3 መሆን የነበረበት የማሞቂያ ቮልት ወደ 6.7 ይወጣል። ከፍተኛው ቮልትም አብሮ ይወጣል። ቲዩብ ይሄን ለተወሰነ ጊዜ ይችላል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። መምረጫው 240 ካለው እዚያ ላይ አድርጉት። ይሄ ምንም የማያስወጣ ማሻሻያ ነው። መምረጫው 127 ላይ ከቀረ ግን ከነጭራሹ አትሰኩ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ላይ የበለጠ ይሞቃል። ደረጃ 5ን ካለፈ በኋላ ለአንድ ሰዓት አስነሱትና አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ በእጃችሁ ዳስሱት። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ማንኛውም ሌላ ወጪ ከመውጣቱ በፊት መፍትሔ የሚሻው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ሌላም ነገር አላት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ይላል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም። ከላይና ከጀርባ ክፍት ቦታ ይኑረው። ዳንቴል የምታለብሱት ሲጠፋና ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

5. በአምፖል በኩል አብሩት

ባለሙያዎች የሚተማመኑበት ቀላል መሣሪያ አለ። አንድ የድሮ የክር አምፖል በፌዙ መስመር ላይ በተከታታይ ይገባና አምፕሊፋየሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በእሱ በኩል ይሆናል። ለትንሽ አምፕሊፋየር 60 ዋት፣ ለትልቅ ስቴሪዮ 100 ዋት ይበቃል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። የአምፖል ሶኬት፣ አንድ ዲቫይደርና ትንሽ ገመድ ካለ ኤሌክትሪሻን በቀላሉ ይሠራዋል።

መጀመሪያ ቲዩቦቹን ሁሉ፣ ሬክቲፋየሩንም ጭምር አውጡ። የትኛው ከየት እንደወጣ ጻፉ። አምፖሉ በደማቁ ከበራ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ሾርት አለ። ቁም ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ስለ ማሻሻል ማሰብ ይቅር። አምፖሉ ከጨለመ ወይም በጣም ደብዝዞ ከቀረ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ስፒከር አገናኙና ቲዩቦቹን መልሱ። ስፒከር ሳይገናኝ የቲዩብ አምፕሊፋየር አይነዳም፤ ያለ ስፒከር ድምፅ ከገባበት የአውትፑት ትራንስፎርመሩ (ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያደርሰው) ሊበላሽ ይችላል። አሁን አምፖሉ ብልጭ ይልና ቲዩቦቹ ሲሞቁ ረገብ ማለት አለበት። ድምቀቱ እየጨመረ ከሄደ አጥፉ።

6. ለኩ፤ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ

የውሳኔው እምብርት እዚህ ነው። ሦስት ልኬት ብቻ አብዛኛውን ይነግራችኋል። ሁለት ኢኤል84 ባለው አምፕሊፋየር ላይ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ልኬት የግሪዱ (በቲዩቡ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት የሚቆጣጠረው ክፍል) ነው፤ እግር 2። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ብረቱ ላይ በቆንጥጦ ያዥ አሲዙና ቀዩን እግር 2 ላይ አድርጉ። ባያሱን (ቲዩቡን ልክ የሚያስይዘውን ቮልት) ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ክፍል) የሚያገኝ ከሆነ ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት፣ አንድ ቮልት፣ ሁለት ቮልት ፖዘቲቭ ካነበበ ከፊት ያለው የማገናኛ ካፓሲተር እያፈሰሰ ነው፣ ወይም ቲዩቡ ራሱ ችግር አለበት። ለመለየት አጥፉ፣ ቲዩቡን አውጡ፣ ለአጭር ጊዜ አብርታችሁ ደግማችሁ ለኩ። ቮልቱ ከጠፋ ቲዩቡ ነው። ቮልቱ ካለ ካፓሲተሩ ነው። በድሮ ሰም የተነከሩ የወረቀት ካፓሲተሮች ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው።

ሁለተኛው የካቶዱ ነው፤ እግር 3። ሁለቱ ቲዩቦች አንድ የ130 ኦም ሬዚስተር ይጋሩ እንበል። ቴስተሩ 10.4 ቮልት አነበበ። 10.4ን ለ130 ስናካፍል 80 ሚሊአምፒር ይመጣል። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 40 ነው። ከዚህ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሚሊአምፒር የሚሆነው በሁለተኛው ግሪድ በኩል ስለሚሄድ ለፕሌቱ (ኤሌክትሮኑን ለሚቀበለው ክፍል) 35.5 ያህል ይቀራል።

ሦስተኛው የፕሌቱ ነው፤ እግር 7። እዚህ ከፍተኛው ቮልት ስላለ ጥንቃቄ። ከካቶዱ እስከ ፕሌቱ 310 ቮልት ካለ፣ 310ን በ0.0355 ስታበዙ 11 ዋት ይሆናል። የኢኤል84 ጣሪያ 12 ዋት ነው። እንግዲህ ይሄ አምፕሊፋየር ጠንክሮ ይሠራል እንጂ አልታመመም። 15 ወይም 16 ዋት ቢመጣ ግን ቲዩቡ እየተጠበሰ ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ ብታዩት ፕሌቱ ላይ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ሊታይ ይችላል። ሁልጊዜ የሚበራው ብርቱካናማ የማሞቂያ ክር ሌላ ነገር ነው፤ በእሱ አትደንግጡ።

ከልኬት በፊት አዲስ ቲዩብ መግዛት ለምን ሞኝነት እንደሆነ እዚህ ይታያል። በሚያፈስ ካፓሲተር ላይ አዲስ ቲዩብ ብትሰኩ አዲሱም ይጠበሳል።

7. ጥገናው

ትልልቆቹን የፊልተር ካፓሲተሮች፣ በማገናኛነት የገቡትን የወረቀት ካፓሲተሮች፣ የካቶድ ካፓሲተሮችን፣ የተሰነጣጠቀውን ገመድ ቀይሩ። ልኬታቸው ከተጻፈባቸው ቁጥር ከራቀ ሬዚስተሮችንም። የድሮ የካርቦን ሬዚስተር ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል፤ 100 ኪሎኦም የተባለው 140 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሄ ነው ጥገና።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ትልቅ ካፓሲተር የተሻለ ነው" የሚል እምነት አለ። ቲዩብ ሬክቲፋየር ላይ አይሠራም። ኢዜድ81 መጀመሪያ የሚያገኘው ካፓሲተር ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ እንዲሆን አይፈቀድም፤ ጂዜድ34 የሚባለው ሬክቲፋየር ደግሞ ከ60። በ50 ፈንታ 47 አስገቡ፤ 220 አታስገቡ። የቮልት አቅሙ ግን ከድሮው እኩል ወይም በላይ ይሁን።

የማይነካውም አለ። የአውትፑት ትራንስፎርመሩ አይነካም። የሴራሚክና የማይካ ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። የሚሠሩ ቲዩቦችም ይቆዩ፤ የትናንሾቹ ዕድሜ ረጅም ነው። የወጣውን ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡ።

እግረ መንገዳችሁን የደኅንነት ለውጦቹን ጨርሱ። ባለ ሁለት ገመዱን በባለ ሦስት ቀይሩና ብረቱን ከኧርዝ ጋር አገናኙ። ከፌዝ ወደ ብረቱ የተዘረጋ አሮጌ ካፓሲተር ካለ አውጡት። ትክክለኛ መጠን ያለው ፊውዝ አስገቡ፤ ብዙ ቦታ በሽቦ የታሰረ ፊውዝ ነው የሚገኘው። ብዙ ነባር ቤት ውስጥ ግን ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቀዳዳ እያለ ከኋላ ሽቦው የለም። ኤሌክትሪሻን ያረጋግጥላችሁ። "ኦሪጅናል ነው" እያሉ የሚያሰጋ ገመድ ማቆየት አይገባኝም።

8. አሁን አዳምጡ

አትቸኩሉ። ጥቂት ሳምንት በምታውቁት ሙዚቃ አዳምጡ። ቅር የሚላችሁን ነገር በቃላት ጻፉ። "ጥሩ አይደለም" አይበቃም። "ኡኡታ አለው"፣ "ድምፁ ሲጨምር ይሰነጠቃል"፣ "ቤዙ ይለቃል" ብላችሁ ጻፉ። ብዙዎቹ ቅሬታዎች መፍትሔያቸው ከአምፕሊፋየሩ ውጭ ነው።

ሁለት ምሳሌ። ሲዲ ማጫወቻ በስታንዳርዱ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። የድሮው አምፕሊፋየር የቴፕ ወይም የሬዲዮ መግቢያ ግን 200 ሚሊቮልት ገደማ ሲያገኝ የሚጠግብ ሊሆን ይችላል። አሥር እጥፍ ሲገባበት የመጀመሪያው ቲዩብ ይጨናነቅና ድምፁ ሻካራ ይሆናል። ሰው ይሄን ሰምቶ ቲዩብ ይቀይራል። ገመዱ ላይ አንድ 47 ኪሎኦም በተከታታይ፣ አንድ 10 ኪሎኦም ወደ መሬት ቢገባ ድምፁ ወደ ስድስተኛው ይቀንስና ነገሩ ያልቃል። አምፕሊፋየሩ አልተከፈተም።

ሌላው ሸክላ ነው። የሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸውን ዓይነት ትንንሽ ሸክላዎች በዛሬ ማጫወቻ ለመስማት ብትፈልጉ፣ ዛሬ የሚገኘው የማግኔት መርፌ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። የድሮው አምፕሊፋየር የሸክላ መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው ከፍ ያለ ድምፅ ለሚሰጥ የክሪስታል መርፌ ነው። ድምፁ ቢቀጥን አትደነቁ። የፎኖ ፕሪአምፕ (የመርፌውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ መሣሪያ) ከውጭ ጨምሩ፣ ውስጡን ተዉት።

ስለ ጉልበትም እንዲሁ። 10 ዋት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ዋት 95 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ10 ዋት የሚያሰማውን ያህል፣ 85 ዴሲቤል የሚሰጠው ስፒከር ለማሰማት 100 ዋት ይፈልጋል። "አምፕሊፋየሩ ደካማ ነው" ካላችሁ አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ስፒከሩን ጠርጥሩ። የስፒከሩ ኦምም ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ጋር ይገጣጠም፤ 4፣ 8 ወይም 16።

9. ውሳኔው

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም የተጻፈ ቅሬታ ካለ፣ ያኔ ማሻሻል ይመዘናል። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ለውጡ ያንን ቅሬታ በትክክል ይፈታል ወይ? ቀዳዳ ሳይበሳ፣ ያለ ምንም ምልክት መልሶ ማውጣት ይቻላል ወይ? የሚያስፈልገው ዕቃ እዚህ ይገኛል ወይስ ከውጭ ሰው መጠበቅ ነው? ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ቲዩብ በብር ሲታሰብ ቀላል ዕቃ አይደለም። የአንድ ጥንድ ዋጋ ከተወደደባችሁ ማሻሻያው አሥር ጥንድ የሚበላ ዓይነት አለመሆኑን አረጋግጡ።

ኡኡታን እንውሰድ። ከሬክቲፋየሩ በኋላ የቀረ ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ዝንብ ዝንብ የሚል። ይሄ የፊልተር ነገር ነው። ለስለስ ብሎ ወፍራም የሆነው 50 ኸርዝ ግን ብዙ ጊዜ ከማሞቂያ ሽቦ፣ ከኧርዝ አያያዝ ወይም ከትራንስፎርመር አቀማመጥ ይመጣል። የቮልዩሙን ቁልፍ ዝቅ ስታደርጉት ከጠፋ የሚመጣው ከመግቢያው በኩል ነው። ካልጠፋ ከኋላ ነው። ይሄን ሳይለዩ ለኡኡታ ሲሉ ማሻሻያ መግዛት ብር መጣል ነው።

ያለ ማቅማማት የምደግፋቸው ለውጦች ትንንሽ ናቸው። ሁለት የጉልበት ቲዩብ የሚጋሩትን የካቶድ ሬዚስተር ለየብቻ ማድረግ፣ ግሪዳቸው ላይ ትንሽ ሬዚስተር መጨመር፣ ለከፍተኛው ቮልት የራሱ ፊውዝ። ክቡን የድሮ ዲን ሶኬት (ባለ ብዙ ቀዳዳ የድምፅ መግቢያ) ሳይነቅሉ አስማሚ ገመድ ማሠራት። ኢሲሲ83ን በኢሲሲ81 መሞከር የሚቻልበት ቦታም አለ፤ የመጀመሪያው ማጉላቱ 100፣ የሁለተኛው 60 ስለሆነ ከመጠን በላይ የሚጮህ ደረጃን ያረግባል። ካልጣማችሁ ይመለሳል።

የማልነካቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው። ኢኤል84 አውጥቶ ኢኤል34 መግጠም፣ ምክንያቱም አንዱ 0.76 አምፒር ማሞቂያ ሲወስድ ሌላው 1.5 ይወስዳል፤ ትራንስፎርመሩ አልተሠራለትም። የቲዩብ ሬክቲፋየሩን በዳዮድ መተካትም እንዲሁ። ቮልቱ ይወጣል፤ ቲዩቦቹ ሳይሞቁ ሙሉ ቮልት ካፓሲተሮቹ ላይ ይወድቃል። የብሉቱዝ ሰሌዳ ሳጥኑ ውስጥ መትከል ሙቀቱም ጫጫታውም ስለማይመች ከውጭ ይቀመጥ። ስለ ውድ ካፓሲተሮች ደግሞ፣ ዋጋው አሥር እጥፍ የሆነ ካፓሲተር አሥር እጥፍ የተሻለ ድምፅ ሲሰጥ አልሰማሁም። ጤነኛ የሆነ የ630 ቮልት ፊልም ካፓሲተር ይበቃል።

እንዳለ ማስቀመጥም ውሳኔ ነው። ሁሉ ነገሩ የፋብሪካው ሆኖ፣ ልኬቱ ጤነኛ ሆኖ፣ ድምፁም ደስ ካላችሁ ምንም አትንኩት። በጨረታ የሚፈለግ ሞዴል ከሆነ የተበሳ ቀዳዳ ዋጋውን ይቆርጠዋል። ትራንስፎርመሩ የተቃጠለና ተራ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ቲዩቦቹንና የአውትፑት ትራንስፎርመሩን ለሌላ ዕቃ መለዋወጫ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

10. ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

ጎበዝ የስልክና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ሁሉ የቲዩብ ጠጋኝ አይደለም። ፒያሳና መርካቶ ውስጥ በቲዩብ ዘመን የሠሩ ጥቂት ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ማግኘት ትችሉ ይሆናል። ሲገኙ በአክብሮት ቅረቡ፤ "ጋሼ፣ ይሄን ቢያዩልኝ፣ ድምፁ እንዲህ እያደረገብኝ ነው" ብላችሁ የጻፋችሁትን ቅሬታና ዲያግራሙን አውጡ። ባለሙያው "ግሪዱ ላይ ስንት አለ?" ብሎ ከጠየቃችሁ ትክክለኛ ቦታ ደርሳችኋል። ሳይለካ "ቲዩቡ አልቋል" ካለ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከመስጠታችሁ በፊት አምስት ነገር ተስማሙ። አንድ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ በሙሉ ይመለሳል። ሁለት፣ ሳይደወልላችሁ ምንም አይበሳም፣ ምንም አይቆረጥም። ሦስት፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለው የካቶድና የፕሌት ቮልት በወረቀት ይጻፋል። አራት፣ የቲዩቦቹ መለያ ተመዝግቦ ይሰጣል፤ ጥሩ ቲዩብ በደካማ ተቀይሮ መመለሱ ያልተሰማ ነገር አይደለም። አምስት፣ ከክፍያው የተወሰነው ቤት ወስዳችሁ ለሁለት ሳምንት ካዳመጣችሁ በኋላ ይከፈላል። የመጨረሻውን የማይቀበል ካለ ቢያንስ እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ይጫወትና ትራንስፎርመሩን ዳስሱ። ብዙ ብልሽት ከሞቀ በኋላ ነው የሚታየው።